መጀመሪያ ጀርባውን አንብቢ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ የምኖረው እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው። ለአራት ዓመት የተንከባከብኳቸው እናት በቅርቡ አረፉ። ልጅ የላቸውም። የወንድማቸው ልጅ ቤቱን ሲያጸዳ አንድ ወፍራም አልበም አንስቶ ሰጠኝ። ‹አክስቴ ትወድሽ ነበር፣ እኔ ማስቀመጫ የለኝም› አለኝ። በቆዳ የተለበጠና የናስ መቆለፊያ ያለው ነው። ውስጡ ካርቶን ላይ የተለጠፉ ትናንሽ ቡናማ ፎቶዎች አሉ። ከመጨረሻው ገጽ ደግሞ በወረቀት የተጠቀለለ ጸጉር ዱብ አለ። አንዱ ፎቶ ላይ ዓይኑን የጨፈነ ሕፃን አለ። ጓደኞቼ ‹የሬሳ ፎቶ ነው፣ ጸጉሩም የመተት ሊሆን ይችላል፣ ጣይው› ብለው አስፈራሩኝ። ሌላ ፎቶ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጥቁር ልጅ አለ። የኛው ልዑል ዓለማየሁ ይሆን እንዴ? ፎቶዎቹን አውጥቼ ስካን ላደርጋቸው ነበር፤ እንዳላበላሻቸው ብዬ ተውኩት። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እንኳንም ተውሽው። እኔ እንጀራዬን የምበላው የቆዩ ወረቀቶችንና ፎቶዎችን በመጠገን ነው። ወደ እኔ ከሚመጡት ፎቶዎች ብዙዎቹን ያበላሻቸው ዘመን አይደለም፤ ደህና ሐሳብ ያለው ሰው ነው። ራሴም አልቀረሁበትም። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ ፎቶ ከተጣበቀበት ገጽ አልላቀቅ ብሎ አስቸገረኝ። በእርጥብ ጥጥ ነካ ነካ አደረግኩት። ተላቀቀ። ጀርባው ላይ በቀለም የተጻፈው ስም ግን ከውሃው ጋር ሰማያዊ ሆኖ ጥጡ ላይ ቀረ። ባለ ፎቶው ሰውዬ እስከ ዛሬ ስም የለውም። ያን ጥጥ አልረሳውም።

ስለዚህ መጀመሪያ ምን እንደያዝሽ እንወቅ። ማውጣትና ስካን ማድረግ ይደርሳል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማስመሪያ አምጪ። ካርቶኑ ወደ 6 ሴንቲ ተኩል በ10 ሴንቲ ከሆነ «ካርት ደ ቪዚት» የሚባለው ነው። ፈረንሳይኛ ነው፣ የጉብኝት ካርድ ማለት ነው። ዲዝዴሪ የሚባል የፓሪስ ፎቶ አንሺ በ1854 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዘዴው ቀላል ነው። ብዙ ሌንስ ያለው ካሜራ ተጠቅሞ አንድ መስታወት ላይ ስምንት ትናንሽ ፎቶዎች ያነሳል። አንድ ጊዜ ያትምና በመቀስ ይቆራርጠዋል። ዋጋው ወረደ። ከዚያ በፊት ፎቶ የሀብታም ነገር ነበር፤ አሁን ባለሱቁም የቤት ሠራተኛዋም የእሁድ ልብሷን ለብሳ ተነሳች። እንግሊዝ ውስጥ ነገሩ የጦፈው ከ1860 ወዲህ ነው፤ ሜያል የተባለው ፎቶ አንሺ የንግሥት ቪክቶሪያን ቤተሰብ ፎቶ በካርድ አድርጎ ለሽያጭ ሲያወጣ። ካርቶኑ ተለቅ ካለ፣ ወደ 11 በ16 ተኩል ከሆነ፣ «ካቢኔ ካርድ» ይባላል፤ እሱ በ1866 የመጣ ነው።

ቡናማው ነገር ምን መሰለሽ? እንቁላል ነው። ቀልዴን አይደለም። ነጩ ከአስኳሉ ይለያል፣ ጨው ይገባበታል፣ አረፋ እስኪሆን ይመታል፣ ከዚያ ይጠልላል። ስስ ወረቀት ላዩ ላይ ይንሳፈፍና ይደርቃል። ፎቶ አንሺው ወረቀቱን ብር የሟሟበት ፈሳሽ ላይ ያሳርፈዋል። ከመስታወቱ ኔጋቲቭ (ጥቁርና ነጩ ተገላብጦ ከወጣበት ቀረጻ) ሥር ያደርግና ልክ እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ምስሉ እያየሽው ይወጣል። ወርቅ ባለበት ፈሳሽ ቀለሙን ያጠራዋል፣ ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ ሲደርቅ ይጠቀለላል፤ ካርቶን ላይ የሚለጠፈውም ለዚህ ነው። ጀርመን አገር ድሬስደን ውስጥ ይህን ወረቀት የሚያመርቱ ትልልቅ ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ነጩን ወስደው አስኳሉን ለቆዳ አልፊዎች ይሸጡ ነበር። ስንት ዶሮ ወጥ እንደቀረበት አስቢ።

ይህን የምነግርሽ ለወሬ አይደለም። እንቁላል ስለሆነ እርጥበት ይጎዳዋል፣ ብርሃን ያጠፋዋል፣ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ትክክለኛ መሆኑንም የምታውቂው በዚሁ ነው። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ግዢ፣ ርካሽ ነው። ምስሉን ስታዪው የወረቀቱ ክር በምስሉ ውስጥ አልፎ ከታየሽ፣ ነጩ ቦታ ቢጫ ካለ፣ ጥቁሩ ወደ ወይን ጠጅ ቡናማ ከሄደ፣ የእንቁላል ወረቀት ነው። ነጠብጣብ ከታየሽ በማተሚያ የተባዛ ነው።

አሁን ወደ ጀርባው። ሰው ሁሉ ፊቱን ነው የሚያየው። እኔ ፊቱን መጨረሻ ነው የማየው። የፎቶ ቤቱ ስምና አድራሻ ያለው ጀርባው ላይ ነው፤ ሰዎቹ የነበሩበትን ከተማ፣ አንዳንዴም ሰፈሩን፣ ነገረሽ ማለት ነው። ያን ዘመን የንግድ ቤቶች ማውጫ በየጊዜው ይታተም ነበር። ያ ፎቶ ቤት እዚያ አድራሻ ላይ ከመቼ እስከ መቼ እንደነበረ ካወቅሽ የፎቶው ዘመን ጠበበልሽ። ካርቶኑ ራሱም ይናገራል። ስስ ሆኖ ጥጉ ቀጥ ያለ ከሆነ፣ ጀርባው ላይም አንድ ሁለት መስመር ስም ብቻ ካለ፣ 1860ዎቹ ነው። ጥጉ ከከበበ፣ ጀርባው በአበባና በመላእክት ከተሞላ፣ ወደ 1870ዎቹና ከዚያ ወዲህ ነይ። ወፍራምና ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቀይ ካርቶን ሆኖ ጽሕፈቱ ወርቃማ ከሆነ ደግሞ 1880ዎቹ ወይም ከዚያ በኋላ ይሆናል። ይህ መሐላ አይደለም፤ የድሮ ካርቶን የተረፈው ፎቶ አንሺ እስኪያልቅበት ይጠቀማል።

ጀርባው ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ካለ እሱን አትናቂው። ብዙ ጊዜ የኔጋቲቩ ቁጥር ነው። «ኔጋቲቩ ተቀምጧል፣ ተጨማሪ ማሳተም ይቻላል» የሚል ጽሑፍም ከሥሩ ታገኛለሽ። ካሚል ሲልቪ የሚባል ፈረንሳዊ ለንደን ውስጥ ፎቶ ቤት ነበረው። የመዝገብ ደብተሮቹ ዛሬ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ በሚባለው የለንደን ሙዚየም ውስጥ ናቸው። 17,000 ያህል ቀረጻዎች ከነቁጥራቸው ሰፍረዋል፤ ቁጥር ያለው የሲልቪ ካርድ ያገኘ ሰው ባለፎቶውን ሊያገኝ ይችላል። የሊድስ ፎቶ አንሺዎች ሁሉ እንዲህ የታደሉ አይደሉም። ቢሆንም ቁጥሩን ጻፊው።

ከጀርባው በኋላ ነው ፊቱ የሚመጣው። ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ ጥቁር ቀሚስ ነው። ጥቁር የለበሰች ሴት ሁሉ ሐዘንተኛ አይደለችም። ያን ጊዜ ፎቶ የሚቀረጽበት መስታወት ሰማያዊን ነጭ፣ ቀይንና ቢጫን ጥቁር አድርጎ ነው የሚያየው። ደማቅ ቀይ የለበሰችው ሙሽራ ከል የለበሰች ትመስላለች። ሰማያዊ ዓይን ደግሞ ብሌኑ የጠፋ ይመስላል፤ ሰው «ሙት ነው» የሚለው አንዳንዴ በዚህ ነው። የቆዳ ቀለምም እንደዚሁ ከእውነቱ ይጠቁራል።

ሌላው ወጥመድ የብረቱ እግር ነው። የቆሙ ሰዎችን ጫማ ኋላ ብታዪ ክብ የብረት መቆሚያ ታገኚ ይሆናል። ኢንተርኔት ላይ «የሬሳ ማቆሚያ» ይሉታል። ውሸት ነው። ሰው ለብዙ ሰከንድ ሳይነቃነቅ መቆም ስለማይችል ማጅራቱን የሚደገፍበት ነው። ሬሳ ያን ያህል በቀጭን ብረት አይቆምም። እንዲያውም ብረቱ ከታየ ሰውዬው በሕይወት እንደነበረ ማስረጃ ነው። ሻጮች ዋጋ ለማስወደድ ብለው «የሟች ፎቶ» የሚል ስም የለጠፉባቸው፣ ግን ደህና ቁጭ ያሉ ሰዎችን ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ሕፃኑስ? ሳላየው አልፈርድም፤ አንቺ ግን ልታዪው ትችያለሽ። ሌንሱን ያዢና ፊቱን ተዪው፤ ጣቶቹንና እግሮቹን እዪ። አንዱ ጣት ብዥ ካለ፣ የቀሚሱ ጫፍ ከተደበዘዘ፣ ልጁ ተነቃንቋል። ሙት አይነቃነቅም። የሕፃን እንቅልፍ ለፎቶ አንሺው እንደ ሎተሪ ነበር፤ ነቅቶ የሚወራጭ ልጅ ምስል አይወጣለትም። ከኋላው ያለውንም ጨርቅ ልብ በይ። ሶፋ የሚመስለው ነገር ትከሻ ካለው እናቲቱ ናት። ጨርቅ ተሸፍና ልጇን ደግፋ ይዛለች። ልጁ ብቻ እንዲታይ ነው። አንድ ጊዜ ካየሽ በኋላ ከዓይንሽ አይጠፋም፤ ከጨርቁ ሥር የወጣ የእጅ ጣት የሕፃኑን ወገብ ይዞ።

በአንጻሩ ልጁ አልጋ ወይም የሬሳ ሳጥን ውስጥ ተጋድሞ ከሆነ፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ከተሰበሰቡ፣ አበባ ካስያዙት፣ አንድም ቦታ ብዥታ ከሌለ፣ ያኔ የሟች ፎቶ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ የሚያደርግሽ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ነው። ቢሆንስ ደግሞ? ያን ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ብዙ ሕፃናት ሳያድጉ ይቀጠፉ ነበር፤ ለብዙ እናት ያ ከልጇ የቀራት አንድ ፎቶ ነው። እኛስ ለቅሶ ቤት የሟችን ፎቶ ደረታችን ላይ ይዘን አይደል የምናለቅሰው? ለጓደኞችሽ ይህን ንገሪልኝ።

ጸጉሩንም እንዲሁ። መተት አይደለም። በቪክቶሪያ ዘመን ከሟችም ከሕያውም ጸጉር ቆርጦ ማስቀመጥ የፍቅር ምልክት ነበር። የሄደ ወንድም፣ የታጨች ልጅ፣ የሞተ አባት ጸጉር በወረቀት ይጠቀለላል፣ የአንገት ጌጥ ውስጥ ይገባል፣ ተጎንጉኖም አምባር ይሠራል። መጠቅለያ ወረቀቱን እንዳትጥዪ። ስምና ቀን ካለበት ከጸጉሩ እኩል ነው። ጸጉሩን በጣትሽ አታፍተልትዪው፣ አትጠቢው። ብል እንዳለበት በሌንስ እዪ። ከነወረቀቱ አሲድ የሌለው ንጹሕ ፖስታ ውስጥ አድርጊና ፖስታው ላይ በእርሳስ «ከመጨረሻው ገጽ የወደቀ» ብለሽ ጻፊ። አሁን የምታውቂው ይህን ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ትረሺዋለሽ።

የሰው ቤት ጸጉር ምን ያደርጋል እንዳትዪኝ። የአፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ለብዙ ዓመታት የኖረው ለንደን፣ ናሽናል አርሚ ሙዚየም ውስጥ ነበር። ሙዚየሙ ያገኘው መቅደላ ላይ ንጉሡን ከሞቱ በኋላ የሳለው ሰው ቤተሰቦች አስቀምጠው ስለሰጡት ነው። በ2019 ለኢትዮጵያ ተመለሰ። የልዑል ዓለማየሁም ጸጉር በሞግዚቱ በካፒቴን ስፒዲ ዘመዶች እጅ ቆይቶ በ2023 ለኢትዮጵያ ተሰጠ። አንድ ሰው «ይህ ምን ይሠራል» ብሎ ቢጥለው ኖሮ ዛሬ ምንም አይኖርም ነበር።

እንግዲህ ዓለማየሁን ካነሳን ወደ ልጁ ፎቶ እንሂድ። መጀመሪያ አንድ ነገር፦ የእንግሊዝ ቤተሰብ አልበም ውስጥ የታዋቂ ሰው ፎቶ መገኘቱ አይገርምም። ካርዶቹ በየሱቁ ይሸጡ ነበር። ሰዉ ንግሥቲቱን፣ ጄኔራሉን፣ የቲያትር ተዋናይቱን ገዝቶ ከአክስቱ ጎን ይሰካ ነበር። ስለዚህ ዓለማየሁ እዚያ ቢገኝ ሴትዮዋ ዘመዱ ናቸው ማለት አይደለም፤ አባቱን ሊወጋ መቅደላ ድረስ የዘመተው ወታደር ዘመድ ናቸው ማለትም አይደለም። አንድ የቤተሰባቸው ሰው ጥቂት ሳንቲም አውጥቶ ገዝቶት ሊሆን ይችላል።

ልጁ መቅደላ በ1868 ሚያዝያ ስትወድቅ ዕድሜው 7 ዓመት ገደማ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ አረፉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ እንግሊዝ ገባ። ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ከንግሥት ቪክቶሪያ ጋር ተገናኘ፤ እዚያው ደሴት ላይ ፎቶ ተነሳ። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን፣ የዘመኑ ስመ ጥር ሴት ፎቶ አንሺ፣ እሱንም ስፒዲንም አንስታለች። ጃቤዝ ሂዩዝ የተባለው ባለፎቶ ቤትም አንስቶታል። የካሜሮን ሥራዎች ትላልቅ ናቸው፣ የአልበምሽ ኪስ ውስጥ አይገቡም። አንቺ የያዝሽው ካርድ ከሆነ ከሌላ ፎቶ ቤት የወጣ ወይም ተቀንሶ የታተመ መሆን አለበት።

የምታጣሪው እንዲህ ነው። ለሽያጭ የወጣ ካርድ ብዙ ጊዜ ከሥሩ ወይም ከጀርባው ስም ታትሞበታል። የልዑሉ ስም በእንግሊዝኛ አጻጻፍ «አላማዩ» ተብሎ ነው የሚገኘው፤ «የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» የሚልም ሊሆን ይችላል። አንድ ቁመተ ረጅም፣ ጺማም ፈረንጅ፣ እሱም የሐበሻ ልብስ ለብሶ አብሮ ካለ ልብሽ ትንሽ ይምታ፤ ስፒዲ ነው። ከዚያ የእንግሊዝ ንጉሣዊ ስብስብ ድረ ገጽ ላይ ያሉትን የልዑሉን ፎቶዎች ከያዝሽው ጋር አስተያዪ። ወንበሩን፣ መጋረጃውን፣ የነጠላውን እጥፋት። ፊት ያሳስታል፣ የጨርቅ እጥፋት አያሳስትም። አንድ ቀረጻ ከሆነ እጥፋቱ አንድ ነው።

ግን ቶሎ አትደሰቺ። ያን ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ፎቶ የተነሳ ጥቁር ልጅ ሁሉ ዓለማየሁ አይደለም። ሚስዮኖች ያመጧቸው ነበሩ፣ ከባሪያ ነጋዴ የተነጠቁ ነበሩ፣ ትውልዳቸው እዚያው የሆኑም ነበሩ። ቅድም ያነሳሁት ሲልቪ በ1862 ሳራ ፎርብስ ቦኔታን ከነባሏ አንስቷል፤ የምዕራብ አፍሪካ ተወላጅ ናት፣ ንግሥት ቪክቶሪያ የክርስትና ልጄ ብላ ያቀረበቻት። አንዳንዱ ደግሞ ፊቱን ጥቁር ቀብቶ የሌላ አገር ልብስ የለበሰ የእንግሊዝ ልጅ ሆኖ ይገኛል። ነጭ ጨርቅ ብቻውን ነጠላ አያደርገውም።

ልዑሉ አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው ያረፈው፣ ታውቂያለሽ? ሊድስ፣ ሄዲንግሊ ውስጥ፣ በኖቬምበር 14 ቀን 1879። 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ዊንዘር ነው። አጽሙ ይመለስ ለሚለው ጥያቄ ቤተ መንግሥቱ በ2023 እንቢ ብሏል። ይህን የምነግርሽ ካርዱ እሱ ነው ለማለት አይደለም። ግን ጥያቄሽ ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

ስለ ማውጣቱ። የዚህ ዓይነት አልበም ገጽ ሁለት ወረቀት ተጣብቆ በመሃሉ ኪስ ያለው ነው። ካርዱ ከሥር በኩል ባለው ስንጥቅ ይገባል። ሁለት ካርዶች ጀርባ ለጀርባ ተደርበው ይቀመጣሉ፤ ለዚህ ነው ጀርባቸው የማይታይሽ። ከማውጣትሽ በፊት ሙሉ አልበሙን ከሽፋኑ ጀምሮ ገጽ በገጽ በስልክሽ አንሺ። ፍላሽ አጥፊ፣ መስኮት አጠገብ ሁኚ፣ ፀሐይ በቀጥታ አያግኘው። ይህን አትዝለዪ። ማን ከማን ጎን እንደተሰካ የቤተሰቡ ታሪክ ነው፤ ባልና ሚስት ይደራረባሉ፣ ወንድማማቾች ይከተላሉ። ፎቶዎቹን አውጥተሽ በመልክ በመልክ ደርድረሽ ብትመልሻቸው ያን ታሪክ አጠፋሽው።

ከዚያ እጅሽን ታጠቢና በደንብ አድርቂ፣ ወይም ቀጭን የሐኪም ጓንት አጥልቂ። ሥራሽ ላይ የምታደርጊው ይሆናል። ስስ ፖሊስተር ፕላስቲክ ቁራጭ በስንጥቁ አስገቢና በካርዱና በወረቀቱ መሃል ቀስ ብለሽ አሳልፊው። ካርዱ ከተንሸራተተ አውጪው። እንቢ ካለ ተዪው። ግድ የለም። የስንጥቁ ወረቀት እንደ ደረቀ ቅጠል ነው፣ አንዴ ከቀደድሽው የሚመለስ ነገር የለም። የወጣውን ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርጊ፣ ጠፍጣፋ ስካነር ላይ ብቻ፤ ወረቀት የሚስብ ማሽን ውስጥ እንዳታስገቢው። ከዚያ ወደ ነበረበት ኪስ፣ በነበረበት አቅጣጫ።

አትጥረጊ። በውሃ፣ በአልኮል፣ በዳቦ ልብ፣ በምንም። ላሚኔት አታስደርጊ። በሚያጣብቅ ገጽ ያለው የዘመኑ አልበም ውስጥ አትቀይሪው። ቆርቆሮ ሥርም ሆነ ምድር ቤት አታኑሪው፤ አንቺ የምትተኚበት ክፍል ለእሱም ይስማማዋል፣ ከማሞቂያው ራቅ አድርገሽ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ አሲድ በሌለው ካርቶን ሳጥን፣ ተጋድሞ።

ዋጋውን አልጠየቅሽኝም፣ ግን መጠየቅሽ አይቀርም። ስም የሌላቸው ካርዶች ርካሽ ናቸው፤ በሳጥን ተከምረው ይሸጣሉ። ሻጭ ቢመጣ ጥቂቱን መርጦ ሌላውን ይበትነዋል። እኔ አልሸጠውም ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን የወንድማቸው ልጅ ጋ ደውዪ። አልበሙን ለመመለስ ሳይሆን የአያቶቹን ስም ለመጠየቅ። ሁለት ስምና አንድ ሰፈር ከሰጠሽ በቂ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ልደትና ሞት ከ1837 ጀምሮ በመንግሥት ይመዘገባል፤ የ1881 የሕዝብ ቆጠራ ደግሞ ፋሚሊሰርች በሚባለው የትውልድ መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይታያል። የአካባቢሽ መዛግብት ቤት፣ ዌስት ዮርክሻየር አርካይቭ ሰርቪስም፣ ቅርብሽ ነው፤ የድሮ ማውጫዎችን አሳዩኝ በያቸው። አንድ ቀን አልበሙን አልፈልገውም ብትዪ እንኳ፣ ከነስሙ ቢሰጥ ደስ የሚለው ቦታ እዚያ ነው።

የጥቁሩን ልጅ ካርድ ፊቱንና ጀርባውን፣ ማስመሪያ ጎኑ አስቀምጠሽ አንሺና ላኪልኝ። ከኪሱ አልወጣ ካለሽ ግን አትታገዪው፤ ገጹን ብቻ አንሺልኝ።